የማዕድን ማውጫ በሞዴል ሐዲድ ላይ፦ ጥያቄና መልስ

በሞዴል የባቡር መስመራችሁ ላይ የማዕድን ማውጫ ለመሥራት ያሰባችሁ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወገልጤናና ከሐይቅ ብዙ ጠይቃችኋል። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ጋሼ፣ ከየት ልጀምር? ለጉድጓዱ ማማ የሚሆን ካርቶን ቆርጬ ጨርሻለሁ።

መልስ፦ ማማውን ለጊዜው አስቀምጠው። መጀመሪያ የሚወሰነው ድንጋዩ ከየት ወጥቶ በየት በኩል ፉርጎ ላይ እንደሚደርስ ነው። ጋሪው ከዋሻው አፍ ይወጣል፣ መጫኛው ቤት አናት ላይ ይገለበጣል፣ ጭነቱ በወንፊት ተለይቶ በአሸንዳ ይወርዳል፣ ከሥር የቆመው ፉርጎ ይቀበለዋል። ሁሉም በገዛ ክብደቱ ቁልቁል ነው የሚጓዘው። ስለዚህ የዋሻው አፍ ከመጫኛው ቤት፣ መጫኛው ቤትም ከሐዲዱ ከፍ ማለት አለበት። ይህ ከተስተካከለ ቀለሙ ባይሰምር እንኳ ተመልካች ያምነዋል፤ ይህ ከተዛባ ግን የቱንም ያህል ቢያምር ጌጥ ነው። ማማ የሚያስፈልገው ማዕድኑ ከሥር ሆኖ ቀጥ ያለ ጉድጓድ ሲቆፈር ነው። ወሎን የምትሠራ ከሆነ ገደል ሞልቶልሃል፤ ከጎን ሰርስረህ ግባ።

ጥያቄ (ከወገልጤና)፦ የእኛን የኦፓል (የከበረ ድንጋይ) ማውጫ መሥራት ይቻላል? ሐዲድ እኮ የለውም።

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን ባቡሩን አታስጠጋው። የደላንታ ኦፓል እ.ኤ.አ. በ2008 ከታወቀ ወዲህ የሚወጣው ገደሉን ከጎን በመሰርሰር ነው። ኦፓሉን የያዘው ንጣፍ ውፍረቱ አንድ ሜትር አይሞላም፤ ከእሳተ ገሞራ በተሠሩ ወፋፍራም ንጣፎች መካከል አግድም ተዘርግቷል። አንድ ሜትር በ1፡87 ልኬት፣ ማለትም ሁሉም ነገር 87 ጊዜ ሲያንስ፣ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በገደሉ ወገብ ላይ ቀጭን መስመር አስምርና ቀዳዳዎቹን በዚያው ከፍታ ደርድር፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ካለ የአካባቢው ሰው ወዲያው ያውቅብሃል። ከየቀዳዳው ሥር ገደሉን ይዞ የሚወርድ፣ ከቁፋሮ የወጣ የሚመስል ፈዛዛ አፈር አፍስስ። ኦፓል በኪስ የሚያዝ ዕቃ ነው፤ በፉርጎ ሙሉ ኦፓል የሚጎትት ባቡር ካየሁ ሳቄን አልችልም። ለባቡር የድንጋይ ከሰል ይሻላል፤ በውጫሌ በኩል እንዳለ ታውቃለህ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ በከተማችን ለሚያልፈው መስመር የትኛው ሐዲድ ይሆናል? ለጋሪዎቹስ?

መልስ፦ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ለ87 ሲካፈል 16.5 ይመጣል፤ ይህ ኤች ኦ የሚባለው ሐዲድ ነው። የድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር አንድ ሜትር ስለነበር 12 ሚሊ ሜትሩን ይፈልጋል። የማዕድን ጋሪ ሐዲድ ብዙ ጊዜ 600 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚህ ልኬት ወደ 7 ይወርዳልና ማግኘቱ ያስቸግራል። ኤን የሚባለውን ባለ 9 ሚሊ ሜትር የሞዴል ሐዲድ ተጠቀሙ፤ ትንሽ ሰፋ ይላል፣ ዓይን ግን ይቀበለዋል። ትልቁን መስመር ስታጥፉ የክቡ ሬዲየስ ከ45 ሴንቲ ሜትር አይነስ። የጋሪው በ20 ይዞራል።

ጥያቄ (ከሐይቅ እና ከኮምቦልቻ)፦ ከወንዝ አሸዋ ማምጣት እንችላለን? ከቦርከና ለምሳሌ።

መልስ፦ አምጡ፣ ግን ማግኔት ሳታሳልፉበት ሐዲድ አጠገብ አታድርሱት። አሸዋውን እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ በወንፊት ንፉት። ከዚያ ማግኔት በወረቀት ጠቅልላችሁ ከላዩ ላይ በቀስታ አንሸራትቱ። ጥቁር ዱቄት እየዘለለ ወረቀቱ ላይ ይቆማል። አገራችን የባዛልት አገር ናት፤ ድንጋዩ ሲፈርስ ውስጡ ያለው ማግኔታይት (ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን) ከአሸዋው ጋር ይወርዳል። የሎኮሞቲቩ ሞተር ደግሞ ውስጡ ማግኔት አለው። ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ብናኙን ወደ ላይ ይስባል፣ ብናኙም የማርሽ ጥርሶቹ መካከል ይገባል፣ ቆይቶ ሞተሩ መጮህ ይጀምራል። ወረቀቱን ከማግኔቱ ለይታችሁ አራግፉና ምንም እስከማይነሳ ድረስ ደጋግሙት። ለተራራው የሚሆነው አሸዋ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ቆርቆሮና እንጨት ለማስረጀት የብረት ሱፍ በአቼቶ የምትዘፈዝፉም፣ የሱፉ ብናኝ እንዲሁ ወደ ሞተሩ ስለሚሳብ፣ ሥራችሁን ሌላ ክፍል ውስጥ አድርጉት።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ የቤት ከሰል የድንጋይ ከሰል መስሎ ይታያል?

መልስ፦ ይታያል። ውቀጡት፣ ግን የቡናውን ሙቀጫ እንዳትነኩ፤ የቤት ሰላም ይበልጣል። በሦስት ዓይነት ወንፊት ለይታችሁ ዱቄቱን ጣሉት፤ የዱቄት ክምር ጥቀርሻ ነው የሚመስለው። ክምሩን በእጅ ቅርጽ አትስጡት። በቀንድ ቅርጽ በተጠቀለለ ወረቀት ከአንድ ነጥብ አፍስሱት፣ ተዳፋቱን ራሱ ያገኛል። በውኃ አርጥባችሁ፣ ኮላ በእኩል ውኃ በጥብጣችሁ፣ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምራችሁ አንጠባጥቡበት። ሳሙናው ከሌለ ኮላው እላዩ ላይ ይንከባለላል እንጂ አይሰርግም። ሲደርቅ ጫፍ ጫፉን ቫርኒሽ ንኩት፤ የድንጋይ ከሰል ያብለጨልጫል፣ የእንጨቱ ግን ደብዛዛ ነው።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ተራራዬ የዳቦ ሊጥ መሰለብኝ።

መልስ፦ ስላለሰለስሽው ነው፣ አብሽሪ። የአምባሰልን ጎን ተመልከቺ፦ ገደል፣ ከዚያ ተዳፋት፣ እንደገና ገደል። ላቫው በየተራ እየፈሰሰ ስለተደራረበ ነው። ፎሙን በንጣፍ ቁረጪና ደርቢ፣ ገደሉ ላይ ብቻ ጀሶ ቀቢ፣ ጀሶው ሳይጠና በቢላዋ ቀጥ ቀጥ አድርገሽ ጫሪው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ከሰል የጫነ ፉርጎ ተመልሶ ወደ ማውጫው ሲገባ ያናድደኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የሚያስደስት ጥያቄ ነው። በጠረጴዛው መካከል ሥዕል የተቀባበት ግድግዳ አቁሙ። በአንዱ ወገን ማውጫው ይሁን፣ በሌላው ወገን የድንጋይ ከሰል የሚያነድ ሲሚንቶ ፋብሪካ። ሁለት ሐዲዶች ግድግዳውን በስተው ሁለቱን ያገናኙ። ባዶ ፉርጎ ወደ ማውጫው ሲገፋ በአንደኛው ሐዲድ አልፎ በፋብሪካው በኩል «ተራግፎ» ይወጣል። ፋብሪካው የሚገባው ሙሉ ፉርጎ ደግሞ በሁለተኛው ሐዲድ በማውጫው በኩል «ተጭኖ» ብቅ ይላል። ከሰሉን ማንም አይነካውም። ቀዳዳዎቹን በመጫኛው ቤትና በፋብሪካው ሕንጻ ሸፍኑ።

ጥያቄ (ከወገልጤና)፦ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይሠራል?

መልስ፦ የተለመደው የኤች ኦ ባቡር በ12 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ የሞተር ብስክሌት ባትሪ ከፍጥነት መቆጣጠሪያ ጋር ይበቃዋል። ፊውዝ ግን በመጀመሪያ አስገባ፤ አንድ ፉርጎ ወድቆ ሁለቱን ሐዲድ ካገናኘ ባትሪው ሽቦውን ያቀልጠዋል።