መልስ፦ ተቃዋሚ ፓርላማ ገብቶ ቢጠይቅ ምን ይፈይዳል?

ወንድሜ፣ «ለመሆኑ መንግሥትን የመጠየቅ መብት አላቸው ወይስ ለይስሙላ ነው?» ላልከው፣ መብቱስ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። በአንቀጽ 54 መሠረት ደግሞ ተመራጩ እዚያ በሰጠው አስተያየት አይከሰስም። ወረቀቱ እንደዚህ ይላል።

ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። ጥያቄው በተርታ ይቀርባል፣ መልሱ በጅምላ ይመጣል። አራት ኪሎ፣ ከምክር ቤቱ ብዙም በማይርቅ ካፌ ቀጥታ ስርጭቱን ስንከታተል፣ አንድ ተቃዋሚ መናገር ሲጀምር አስተናጋጁ ሳይቀር ትሪውን ይዞ ቆመ። ቤቱ ጸጥ አለ። መልሱ ጋ እስኪደረስ ግን ማኪያቶዬ ቀዝቅዞ፣ ግማሹ ሰው ሒሳብ ከፍሎ ሄዷል። (እኔም ሁለተኛ ማኪያቶ አዘዝኩ፣ ምን ላድርግ።)

ቁጥሩንም እየው። በ2002ቱ ምርጫ ከ547 መቀመጫ ከተቃዋሚ ፓርቲ የገቡት አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ። በ2007 አንድም አልገባም። በ2013 የአብን (የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ) እና የኢዜማ (የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ) ተመራጮችን ጨምሮ ጥቂቶች ገቡ። የአስፈጻሚውን ሥልጣን የሚመለከት ጉዳይ በግድ ለውይይት ለማስቀረብ ግን የአባላቱ ሲሶ መጠየቅ አለበት፤ ከ180 ሰው በላይ ማለት ነው። ከየት ይምጣ?

እኔን ከጠየቅከኝ ጥቅሙ ቃለ ጉባኤው ላይ ነው። መልስ ባያገኝም ጥያቄው በስሙ ተመዝግቦ ይቀመጣል።