የአባትህን ላንድሮቨር ከመበታተንህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አባትህ የተዉልህ የፈረንጆቹ 1974 ላንድሮቨር ሲሪስ 3፣ አጭሩ ባለ 88 ኢንች፣ የቤንዚን፣ ግቢያችሁ ውስጥ 11 ዓመት ቆሟል። ከየት ልጀምር፣ ሞተሩን በቶዮታ ናፍጣ ልቀይረው ወይ፣ ቤት ውስጥስ ይቻላል ወይ ብለሃል። እኔም ያንኑ ዓይነት መኪና ኮተቤ ግቢያችን ውስጥ ከ3 ዓመት በላይ ስሠራ ቆይቼ ዛሬ እየነዳሁት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ቤት ውስጥ ይቻላል። ላንድሮቨር በብሎን የተገጣጠመ መኪና ነው፤ ፓራፋንጎውም በሩም ጣሪያውም በቁልፍ ይፈታል። መጀመሪያ ግን እባክህ አትበታትነው። እኔ የመጀመሪያው ወር ላይ በጉጉት ፈታታሁት። ከዚያ አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ግቢው ውስጥ ተበትኖ ተቀመጠ። የቱ ብሎን የየት እንደሆነ ጠፋኝ፣ ክረምት ገባ፣ ገንዘብም አለቀ፣ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዙ ሰዎች በር እያንኳኩ ይጠይቁኝ ጀመር። ሊሸጥ ትንሽ ነበር የቀረው። ስለዚህ አንድ ቦታ ፍታ፣ ያንን ጨርስ፣ መልሰህ ግጠም፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሂድ። መኪናው ሁልጊዜ መኪና መስሎ ይቁም። ከመፍታትህ በፊት በስልክህ ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ አንሳ። ብሎኖቹን ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ አድርገህ የየት እንደሆኑ ላዩ ላይ ጻፍበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ላንድሮቨር ሰው የሚያታልለው በቦዲው ነው። በፈረንጆቹ 1948 አምስተርዳም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ እንግሊዝ ገና ከጦርነቱ መውጣቷ ነበር፤ ብረት በኮታ ነው የሚታደለው። ስለዚህ ቦዲውን በአልሙኒየም ሠሩት። እንደ ብረት አይዝግም። ከውጭ ስታየው 50 ዓመት የሞላው መኪና አይመስልም፤ ቀለም ብትቀባው አዲስ ይሆናል። ከስር ግን ሁሉን የተሸከመው ሻንሲ ብረት ነው፣ ሳጥን ሆኖ የተሠራ ብረት፣ እና ዝገት የሚበላው ከውስጥ ነው። ሞተሩንና ተሳፋሪውን የሚለየው ግድግዳም ብረት ነው። ሰው ብዙ ገንዘብ ለቀለምና ለወንበር አውጥቶ ከዓመት በኋላ ባሌስትራው፣ ያ ንዝረቱን የሚችለው የተደራረበ ዝርግ ብረት፣ የሚታሰርበት ቦታ ተገንጥሎ ሲወድቅ አይቻለሁ።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ነገር ያዝ፦ ማግኔት፣ ትንሽ መዶሻና ካቻቢቴ። ማግኔቱ በሩና ፓራፋንጎው ላይ አይያዝም፣ አልሙኒየም ነውና። ግድግዳው ላይ ግን መያዝ አለበት። ግድግዳው ላይ የማይይዝበት ቦታ ካገኘህ እዚያ ብረት የለም፣ አንድ ሰው በስቱኮ ሞልቶ ቀብቶታል ማለት ነው። በተለይ እግር የሚያርፍበትን ቦታና የበሩ ማጠፊያ የሚታሰርበትን ማዕዘን በደንብ እይ። ከዚያ ከስር ግባና ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ በመዶሻ ቀስ እያልክ አንኳኳው። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥሃል። የተበላው ድፍን ያለ፣ የታፈነ ድምፅ ነው ያለው። እሱን በካቻቢቴ ውጋው፤ ከገባ ገባ፣ አትዘንለት። ጋንጩ የሚታሰርበት የኋላ ተሻጋሪ ብረት፣ ከሻንሲው ወደ ጎን ወጥተው ቦዲውን የሚሸከሙት ክንፎች፣ የባሌስትራ መያዣዎቹ፣ እነዚህን አትለፍ።

አንድ የሚያጽናና ነገር ልንገርህ። እንግሊዝ አገር እነዚህን መኪናዎች የሚጨርሳቸው ክረምት ላይ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። እኛ ጨው የለብንም። የእኛ ችግር ጭቃ ነው፤ ሻንሲው ውስጥ የገባው ውሃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች በጭቃ ይደፈናሉና ከሰኔ እስከ መስከረም የገባው ውሃ እዚያው ተኝቶ ይከርማል። መጀመሪያ እነዚያን ቀዳዳዎች በሽቦ ክፈታቸው። 11 ዓመት ሣር ላይ ከቆመ ደግሞ ከስር ያለው እርጥበት ሥራውን ሠርቷል ብለህ ጠብቅ።

የተበላ ብረት ላይ ላሜራ አትለጥፍ። እኔ መጀመሪያ ያመጣሁት በያጅ እንደዚያ አደረገልኝ፤ በሁለተኛው ክረምት ዙሪያውን በልቶት ተላቀቀ። ትክክለኛው አሠራር ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ቆርጦ ማውጣትና ከ2 ሚሊ ያላነሰ ላሜራ በልኩ ገጥሞ መበየድ ነው። ከመቁረጥህ በፊት ሻንሲውን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ለካና ጻፈው፤ ሲበየድ ሙቀቱ ብረቱን ይስበዋል። ቦዲውን ሁሉ አንስተህ አትበይድ፣ ቅርጹን ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። ደግሞ ይሄን እባክህ ልብ በልልኝ፦ የአጭሩ ላንድሮቨር ቤንዚን ታንከር ያለው ከፊት ወንበር ስር ነው። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ታንከሩ ወጥቶ ከግቢው ሌላ ጫፍ ይቀመጥ። ባዶ ነው ብለህ አትተወው፣ ባዶው ነው በጋዝ የተሞላው። ባትሪውንም ፍታ።

ክሪክ ብቻ ይዞት መኪና ስር በፍጹም አትግባ። ነሐሴ ላይ የእኔ ክሪክ እርጥብ አፈር ውስጥ ሰምጦ መኪናው ተቀመጠ። ከስሩ የወጣሁት ሻይ ልጠጣ ብዬ ከአምስት ደቂቃ በፊት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፊ ጣውላ ዘርግቼ፣ የብረት መቆሚያ አራት ቦታ አድርጌ ነው የምገባው።

ሞተሩ። እሱ ያንተ ትልቁ ጭንቀት ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉም ያነሰ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ባለ 2286 ሲሲ አራት ፒስቶን ጠንካራ ሞተር ነው። ግን ባትሪ ገዝተህ በቀጥታ በሞተሪኖ እንዳታስነሳው። አራቱንም ካንዴላ ፍታ፣ በየቀዳዳው ትንሽ ትንሽ የሞተር ዘይት ጨምር፣ ሦስት አራት ቀን ተወው። ከዚያ በማኖቤላ፣ ሞተሩን ከፊት በእጅ በሚያዞረው ብረት፣ ለማዞር ሞክር። እምቢ ካለ አታስገድደው፣ ዘይት ጨምረህ እንደገና ጠብቅ። የእኔ በዘጠነኛው ቀን ነው የተንቀሳቀሰው፤ ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። ከዞረ በኋላ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይር፣ የራዲያተሩን ዝገት አጥበህ አውጣና ንጹህ ውሃ ብቻ ሳይሆን ኩላንት ጨምርበት። የቫልቭ ክፍተት 0.25 ሚሊ ለሁሉም፣ ፑንቲናው፣ ማለትም የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረው መነካኪያ፣ ክፍተቱ ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ፣ የካንዴላ ሽቦው ተራ 1-3-4-2። ይሄን ካስተካከልክ ብዙውን ጊዜ ይነሳል።

ካርቦራቶርህ ዜኒት ከሆነ የላይኛው ክዳን በሙቀት የመጣመም ጠባይ አለው። ያኔ ቤንዚን ይበላል፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራም ይንገዳገዳል። አዲስ ካርቦራቶር ከመፈለግህ በፊት ወፍራም መስታወት ላይ ስስ የብርጭቆ ወረቀት ዘርግተህ ክዳኑን ቀስ እያልክ እሸው፣ ፊቱ እኩል እስኪነካ። የእኔ በዚህ ብቻ ዳነ። እና አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ለባህር ዳርቻ አገር የተስተካከለ ካርቦራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላህ በጥላሸት ከጠቆረና ዳገት ላይ ከደከመ ወዲያው ፒስቶን አለቀ አትበል።

ስለ ቶዮታ ሞተሩ የእኔ ሐሳብ አትቀይረው ነው። ብዙ ሰው ቀይሯል፣ የሚሠራም አለ። ግን የአጭሩ ላንድሮቨር ካምቢዮና ከኋላ ዲፈረንሻል ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች የተሠሩት ለዚያ ለራሱ ሞተር ጉልበት ነው። ከባድ የናፍጣ ሞተር ስትጭንበት ችግሩ ወደነሱ ይሄዳል፣ ዘንጉ ይሰበራል፣ ፍሬኑም አይበቃውም። በዚያ ላይ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ አለ፤ ሳታስመዘግብ ብትቀይር የቦሎ ምርመራ ላይ ጣጣ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል፤ በራሱ ሞተር የቆመ የድሮ መኪና እየተፈለገ ነው የሚሄደው። ደግሞም የአባትህ መኪና ድምፅ ያ ነው። ልጅ ሆነህ በር ላይ ሲደርሱ የምታውቀው ድምፅ።

ከሞተሩ ይልቅ ለፍሬኑ ገንዘብ አስቀምጥ። 11 ዓመት የቆመ ፍሬን ውስጥ ያለው የጎማ ማሸጊያ ሁሉ ሞቷል። የየጎማው የፍሬን ፖምፓ፣ ዋናው ፖምፓ፣ ቱቦዎቹ፣ ሁሉም ይቀየሩ፤ አንዱን አድሼ አንዱን ልተው አትበል። የድሮው የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላልና አቧራውን በኮምፕረሰር አትንፋው፣ በአፍህም አትንፋው፤ በውሃ አርሰህ በጨርቅ ጥረገው።

የኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ ብዙ አልልም። መብራት ሲደክም ወይም ሲጠፋ መጀመሪያ የመሬት ሽቦው የታሰረበትን ቦታ ፈትተህ እስኪያበራ አጽዳው። አልሙኒየምና ብረት የሚነካኩበት ቦታ ላይ ነጭ ዱቄት ይፈጠርና ኤሌክትሪኩን ይዘጋዋል። ለኤሌትሪሲስታ ከምትከፍለው ግማሹን ይሄ ያስቀርልሃል።

ቁልፍ ከመግዛትህ በፊት ደግሞ ብሎኖቹ በኢንች መሆናቸውን እወቅ። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ነው። በ13 ቁልፍ ትፈታዋለህ፣ ሁለተኛው ላይ ግን የብሎኑን ራስ ጠርዝ ይበላዋል። ከዛገ ብሎን ጋር ሲሆን ደግሞ የሦስት ቀን ሥራ ይሆንብሃል። የ7/16፣ የ1/2 እና የ9/16 ቁልፍና ቡሽ ብቻ ብታገኝ አብዛኛውን ትፈታለህ። እኔ ምናለሽ ተራ ነው ያገኘሁት፣ አሮጌ ግን ጠንካራ። መለዋወጫ ሶማሌ ተራ ሂድ፤ ይዘህ የምትሄደው ግን የዕቃውን ስም ሳይሆን ራሱን አሮጌውን ዕቃ ይሁን፣ ሻጮቹ በዓይን ነው የሚያውቁት። ትንንሹ ነገር፣ የፍሬን ጎማ፣ የዘይት መከላከያ፣ ጓርኒሲዮን፣ እንግሊዝ የሚኖር ዘመድ ካለህ በሻንጣ ይምጣልህ፤ እዚያ እስከ ዛሬ አዲሱ ይሠራል።

ቀለም የመጨረሻ ነው። ስትደርስበት ግን ተራው የዝገት መከላከያ አልሙኒየም ላይ እንደማይዝ አትርሳ፣ በዓመቱ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ለአልሙኒየም የሚሆን፣ አሲድ ያለበት ፕራይመር አለ፣ መጀመሪያ እሱን።

ለአሁኑ ግን ቅዳሜ ከስር ገብተህ የኋላውን ተሻጋሪ ብረትና የባሌስትራ መያዣዎቹን ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍልን። በመዶሻ ያንኳኳኸው ቦታ ሁሉ ላይ በኖራ ምልክት አድርግበትና አንሳው፤ እኔም ሌሎቹም አይተን የቱ እንደሚቆረጥ፣ የቱ እንደሚተርፍ እንነግርሃለን። ማኖቤላውም ከጠፋ ጻፍልኝ፣ የእኔን አውስሃለሁ።