ከሶፋ ሥር የማይወጣው ቡቺ

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ከሄዱ ጎረቤቶቻችን ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ትንሽ ውሻ ተረከብን። ቡቺ ይባላል፤ 4 ዓመቱ ነው፣ 5 ኪሎ አይሞላም። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሶፋ ሥር አይወጣም፤ ለሽንት ይዤው ልወርድ ስል ጎትቼ ነው የማወጣው። እሑድ ዕለት የ8 ዓመት ልጄ እጇን ስትሰድበት አጉረመረመ፤ ባለቤቴ በነጠላ ጫማ መታው። ከዚያ ወዲህ ከእጄም አይበላም። ለሌላ ሰው ልስጠው?
ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህታችን፣ ገና አይስጡት። በመጀመሪያ ነጠላ ጫማው ይቅር። ባጉረመረመ ቁጥር የሚመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፣ ፍርሃቱ ግን አይለቀውም፤ ሌላ ቀን ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ከማጉረምረሙ በፊትም ምልክት ይሰጣል፦ ምግብ ሳያይ ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፣ ፊቱን ያዞራል፣ የዓይኑ ነጭ ጎልቶ ይታያል። እነዚህን ለልጅዎ ያሳይዋት። ባለቤትዎ ደግሞ ለጊዜው እራቱን እሳቸው ያቅርቡለት፤ ሳህኑን አስቀምጠው ዞር ይበሉ እንጂ አይጥሩት።

ከዱላው የባሰው ግን መጎተቱ ነው። በቀን ሦስቴ ከመደበቂያው የሚጎትተውን እጅ እንዴት ይመነው? ለሁለት ሳምንት ያህል መውረዱን ይተዉት። መታጠቢያ ቤት ጥግ ጋዜጣ ደራርበው ያንጥፉ፤ ሽንቱ የነካው ቁራጭ ከላይ ይሁን፣ ሽታው ይመራዋል። የሶፋውን ሥር አይዝጉበት። አጠገቡ ካርቶን በጎኑ አጋድመው አሮጌ ጋቢ ያንጥፉበት፤ እዚያ ከገባ ማንም አይንካው።

ከዚያ የበግ ጉበት ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት በደንብ ይቀቅሉ። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ጥሬ ጉበትና ሳንባ ውስጥ ሊኖር የሚችለው የትል እጭ ደግሞ ውሻው አንጀት ውስጥ አድጎ በሰገራው በኩል ለቤተሰቡ ይተርፋል። በጾም ሥጋ ቤቱ ቢዘጋ የተቀቀለ እንቁላል ይበቃል። የሽንብራ ፍሬ እያሳከሉ ይክተፉት። ከሶፋው ሁለት ሜትር ርቀው፣ ጎንዎን ሰጥተው፣ ሳያዩት ወለል ላይ ይቀመጡ። አንዷን ወደ እሱ ይወርውሩ። ወጥቶ ሲበላ ቀጣዩዋን ከኋላው ይጣሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ በምግብ እያባበለ ወደ እጁ ይስበዋል። ውሻው ጎርሶ ቀና ሲል ሰው እግር ሥር ራሱን ያገኘውና ይደነግጣል። ከኋላው ሲወድቅለት ግን በልቶ ይርቃል፤ ተመልሶ ከመጣ ወዶ ነው። በቀን ሁለቴ፣ አሥር አሥር ፍሬ በቂ ነው።

እጅዎን አሽትቶ ሲጠጋ ከአናቱ በላይ አይዘርጉ። ደረቱን 3 ሰከንድ ያህል አከክ አከክ አድርገው እጅዎን ይመልሱ። ከተጠጋ ይድገሙ፤ ካልተጠጋ ለዛሬ በቃው። ማንሳት ግድ ሲሆን አንድ እጅ ደረቱ ሥር፣ ሌላው መቀመጫው ሥር ይሁን።

መውረድ ሲጀምር የአንገት ሳይሆን የደረት ቀበቶ ይግዙለት፤ የትንንሽ ውሾች የአየር ቧንቧ በቀላሉ ይጎዳል። ቀበቶውን ቤት ውስጥ እያበሉት ያለማምዱት፤ መጀመሪያ የሚወርደውም ማለዳ፣ ደረጃው ጭር ሲል ይሁን።

አንድ ቦታ ሲነካ ብቻ የሚያጉረመርም ወይም የኋላ እግሩን አንስቶ የሚሄድ ከሆነ ሕመም ይኖራል፤ የጥርስና የጉልበት ሎሚ ችግር በትንንሽ ውሾች ላይ የተለመደ ነው። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም ያረጋግጡ። ሰው ከነከሰ ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥበው፣ ተከትቧል ብለው ሳይዘናጉ፣ ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።