የዘይት ፊልትሮ ለምን ይነፋል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን የምነዳው አሮጌ ቶዮታ ነው። አንድ ጠዋት ሞተሩን ባስነሳሁ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከመኪናው ሥር ዘይት ሲፈስ አየሁ። የዘይት ፊልትሮው ሲፈታ ጫፉ እንደ ኳስ ተነፍቶ ተገኘ። መካኒኩ «ፎርጅድ ስለሆነ ነው» ብሎ ኦርጅናል ገጠመልኝ፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን እሱም ተነፋ። የዘይት መብራቱ አንድም ቀን አልበራም። ችግሩ ምን ይሆን?

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ፊልትሮዎች በአንድ ሞተር ላይ በተመሳሳይ ሁኔታ ከተነፉ፣ መመርመር ያለበት ሞተሩ ነው። ፊልትሮ ግፊት አያመነጭም። ፎርጅዱ ቆርቆሮው ስስ ስለሚሆን ቀድሞ ሊፈነዳ ይችል ይሆናል፤ የሚነፋው ኃይል ግን የሚመጣው ከዘይት ፓምፑ ነው።

ፓምፑ ከሞተሩ ጋር አብሮ ስለሚዞር፣ በዞረ ቁጥር የተወሰነ ዘይት ከኮፓው (ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ስቦ ወደፊት ይገፋል፤ መንገዱ ቢጠብም መግፋቱን አይተውም። ከሚፈለገው በላይ የሆነውን ዘይት የሚመልሰው የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ሲሆን፣ እሱም በአብዛኞቹ ሞተሮች በፓምፑ ላይ ወይም በብሎኩ ውስጥ የሚገኝ፣ ከኋላው ሞላ ያለው ትንሽ ፒስተን ነው። ግፊቱ ወደ 4 ወይም 5 ባር ሲጠጋ ሞላው ይጨመቅና መመለሻው ይከፈታል። ፒስተኑ በዘይት ዝቃጭ ወይም በብረት ብናኝ ተይዞ አልንቀሳቀስ ካለ ግን ግፊቱ በሰከንዶች ውስጥ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሆናል። በዘይቱ መንገድ ላይ ካሉት ክፍሎች ሁሉ ስሱ የፊልትሮው ቆርቆሮ ስለሆነ እሱ ይነፋል፤ ጎሚኒው ከመቀመጫው ይለቅና ዘይቱ ይፈሳል።

ጠዋት መሆኑም ያለምክንያት አይደለም። በውርጭ ያደረ ዘይት፣ በተለይ እንደ 20 ደብልዩ 50 ያለው ወፍራሙ፣ በጠባብ ቀዳዳዎች በቀላሉ ስለማያልፍ ቫልቩ ከሁሉ ጊዜ ይልቅ የሚፈለገው ያን ሰዓት ነው። የተያዘ ቫልቭ ሞተሩ ሲሞቅ ራሱን ሊያላቅቅም ይችላል፤ ጋራዥ ሲደርሱ ግፊቱ ደህና ሆኖ የሚታየው፣ መካኒኩም ወደ ፊልትሮው የሚያመለክተው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

መብራቱን በተመለከተ፣ ቀዩ የዘይት መብራት የሚበራው ግፊት ሲያንስ ብቻ ነው። ግፊቱ ሲበዛ አይናገርም፤ ስለዚህ አለመብራቱ ማስተማመኛ ሊሆን አይችልም።

«ፊልትሮው ስለተደፈነ ነው የተነፋው» የሚሉም አሉ። በብዙ ፊልትሮዎች ውስጥ ወረቀቱ ሲደፈን ዘይቱን ሳይጣራ የሚያሳልፍ ሌላ ትንሽ ቫልቭ አለ። ይህኛው የሚከፈተው በወረቀቱ ግራና ቀኝ ባለው የግፊት ልዩነት ሲሆን፣ ከፓምፑ የሚመጣውን አጠቃላይ ግፊት የመቀነስ ሥራ የለውም። ሁለቱን ቫልቮች ማምታታት በጋራዥ ውስጥ ሳይቀር የተለመደ ነው።

እንግዲህ ሦስተኛ ፊልትሮ ከመግዛትዎ በፊት የመቆጣጠሪያው ቫልቭ ተፈትቶ እንዲታይ ይጠይቁ። ፒስተኑ በቤቱ ውስጥ ያለምንም መያዝ መንሸራተት አለበት፤ ከታጠበ በኋላም የሚይዝ ወይም የተጫረ ከሆነ ይለወጥ፤ በአንዳንድ ሞተሮች ይህ ፓምፑን ሙሉ በሙሉ መለወጥን ይጠይቃል። ከዚያም ዘይቱ በመኪናው መመሪያ በተጻፈው ውፍረት ይቀየር፤ የግፊት መብራቱ ሴንሰር ባለበት ቀዳዳ ላይ መለኪያ ተገጥሞ፣ ግፊቱ ሞተሩ አድሮ በቀዘቀዘበት ሰዓት ይለካ። መኪናውን ማታ ጋራዥ ማሳደር ሊኖርብዎ ነው።

እስከዚያው ሞተሩን አያስነሡ። ፊልትሮው እየሮጡ ሳለ ጎሚኒውን ከለቀቀ ኮፓው በደቂቃዎች ውስጥ ሊራቆት ይችላል፤ ያን ጊዜ መብራቱ ቢበራም ሞተሩን ለማትረፍ የሚቀርዎት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። የተነፉትን ሁለቱን ፊልትሮዎች ካልጣሏቸው ለመካኒኩ ያሳዩአቸው።