«ዳገቱ ላይ ‹ምን አስሮጠኝ?› እላለሁ»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባሕር ዳር የምኖር ነርስ ነኝ። ማራቶን ልሮጥ ብዬ ልምምድ ጀምሬያለሁ። ከጊዮርጊስ ተነስቼ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ቤዛዊት እወጣለሁ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስደርስ ግን «ቆይ፣ ምን አስሮጠኝ?» እልና እቆማለሁ። አዳር በነበርኩ ማግስት ደግሞ ይብስብኛል። ጓደኞቼ «ከልብሽ የሆነ ምክንያት ፈልጊ» ይሉኛል። ሰው እንዲህ ያለ ምክንያት ከየት ያመጣል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። መጀመሪያ የአዳሩን ነገር እንጨርስ። ሌሊቱን በሽተኛ ስታገላብጪ አድረሽ፣ ጠዋት ዳገት ላይ «ፍላጎት አጣሁ» ብትዪ ማን ያምንሻል? ያጣሽው እንቅልፍና ቁርስ ነው። (ይህን ለነርስ መንገሬ ራሱ ይገርማል።) ከአዳር ስትወጪ ተኚ። አመሻሽ ላይ ካሰኘሽ በሐይቁ ዳር ሶምሶማ በይ፣ ይበቃል።

እንቅልፍ ጠግበሽም ጥያቄው ከመጣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

እዚህ ጣና ዳር ለዓመታት ሰው ሳሠለጥን «ለምን ትሮጣለህ?» ያልኩት ሁሉ መጀመሪያ የሚመልስልኝ «ለጤና» ብሎ ነው። ለሰው የሚነገር መልስ ነው። ጫማ ያስገዛል። 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ጡንቻ ያከማቸው ስኳር ሲሟጠጥ፣ ጭንቅላትም «አቁሚ» ማለት ሲጀምር ግን የት እንደገባ አይታወቅም።

ከማሠለጥናቸው አንዷ ዓሣ ነጋዴ ናት። እሷም «ለጤና» ስትለኝ ነው የከረመችው። አንድ ቀን የቆሮሶ ቅርፊት እየፋቀች፣ ቀና ሳትል፣ «ቤት ሁሉም እማዬ፣ እማዬ ይለኛል። ስሮጥ ማንም አይጠራኝም» አለችኝ። ወዲያው አፈረች፤ ልጆቿን የጠላች መሰላት። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ ሰግቼ አላውቅም። ክረምት ሲገባ ብዙው ሰው ይቀራል፣ እሷ ጭቃውን እየረገጠች ትመጣለች።

ምክንያትሽ የሚያምር ባይሆንም ግድ የለም። ቂምም ይሁን፣ እልህም ይሁን፣ ብቻ ያንቺ ይሁን። ሯጩ ምሩጽ ይፍጠር በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ኦሎምፒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ፤ የ5,000ው ውድድር ግን አመለጠው። በ1968 ሞንትሪያል ላይ የአፍሪካ አገሮች በአፓርታይድ ጉዳይ አድመው ሲወጡ እሱም ሳይሮጥ ቀረ። በ1972 ሞስኮ ላይ 5,000ውንም 10,000ውንም በወርቅ ጠቀለለ። «ማርሽ ቀያሪው» የተባለው መጨረሻ ላይ በሚለቀው ፍጥነት ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ «ለጤና» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ ዳገቱ ላይ «ምን አስሮጠኝ?» ስትዪ አትቁሚ። እየተራመድሽ፣ ድምፅ አውጥተሽ መልሺ። የሚያልፍ ባጃጅ ቢታዘብሽም ይታዘብሽ። የመጀመሪያውን መልስ ተዪው። ሁለተኛውንም ምናልባት። እኔ እንድሰማው የማትፈልጊው መልስ ሲመጣ እሱን ያዢ፣ ለማንም መንገር የለብሽም።

ወር ሁለት ወር ሞክረሽ ምንም ካልመጣ ማራቶኑን ተዪው። ግዴታ አይደለም። 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ቡና መጠጣትም ያባት ነው፤ ብዙ ደስተኛ ሯጮች የማውቀው እዚያ ላይ ነው።

እስከዚያው ግን ከጊዮርጊስ እስከ ድልድዩ ረጋ በይ። ከጎንሽ ካለ ሰው ጋር እያወራሽ መሮጥ ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው።