መልስ፦ የበገና ዜማ ምንጩ ከወዴት ነው?
ወንድሜ፣ በሁዳዴ ደብረ ብርሃን ላይ በገና ሲደረደር ሰምተው «ይህ ዜማ በእውነት ከሰው የመነጨ ነውን?» ሲሉ ላቀረቡት ጥያቄ ከሁለት ወገን መመለስ የሚገባ ይመስለኛል።

አባቶቻችን የዜማን ምንጭ ከሰማይ ያደርጉታል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ፣ ከገነት በመጡ 3 አዕዋፍ ተመርቶ የ24ቱን ካህናተ ሰማይ ማሕሌት እንደ ሰማ፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ዜማዎችም ይዞ እንደ ተመለሰ ይተረካል። ሲዘምር ዐፄ ገብረ መስቀል በተመስጦ እግሩን በጦራቸው ቢወጉት ሁለቱም አልታወቃቸውም ይባላል።

በበገናው ግን ያንን የሚነዝር ድምፅ የሚፈጥረው የእጅ ሥራ ነው። ከበግ አንጀት በሚሠሩት 10 አውታሮችና እነርሱ በሚያርፉበት በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ፤ አውታሩ ሲመታ በርኩማውን እየነካካ ስለሚርገበገብ ድምፁ ይነዝራል፤ እንዚራው ጥቂት ከተንሸራተተ ግን ያ ግርማ ይጠፋልና ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን በትዕግሥት ያስተካክላል። ይህን ማወቅ በእኔ እምነት ተመስጦውን ከቶ አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ስለ ሞትና ስለ ዓለም ከንቱነት ዝግ ባለ ድምፅ ሲነገር ይበልጥ በአክብሮት እንድሰማ አድርጎኛል።

የመንዝ አልቃሾችንም ያስቡ። ግጥሙ ሳይታሰብ የሚወርድላቸው ይመስላል፤ ሆኖም ጎበዝ አልቃሽ የሟቹን ዘር፣ ሙያና ደግነት አስቀድማ ጠይቃ ትይዛለች፤ ከዚያ በኋላ የሚፈስላትን ስንኝ ከየት እንዳመጣችው ግን ራሷም ላትነግርዎ ትችላለች።