ደላላው ያሳየኝ «ደረቅ ባትሪ»

ከጋራዡ በር፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። ዲኤክሴን ሸጬ ኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ተነሣሁ። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ ግን ደውሎ «ሁለት ዓመት ታገሥ። ጠጣር ባትሪ የሚባል እየመጣ ነው። በዐሥር ደቂቃ ሞልቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አሁን የምትገዛው ያኔ ቆርቆሮ ነው» አለኝ። ደላላው ደግሞ «ጋሼ፣ ምን ያስጠብቅዎታል? ይቺ መኪና ደረቅ ባትሪ ነው ያላት» ብሎ ኮፈኑን ከፍቶ አንዲት ጥቁር ባትሪ አሳየኝ። እውነትም ውሃ መሙያ የላትም። ለዚሁ ብሎ ዋጋው ላይ ጨመር አድርጓል። ማንን ልመን? በዓመት ሁለት ሦስቴ አዲስ አበባ፣ አልፎ አልፎ ጎንደር እሄዳለሁ። ሌላው መንገዴ ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ገበያ ነው።

መልስ፦ ጋሼ፣ ከደላላው ልጀምር፤ እሱ ቀላሉ ነው። ያሳየዎት ባትሪ መኪናውን የሚነዳው አይደለም። የ12 ቮልቷ ናት። መብራቱን፣ የበሩን ቁልፍ፣ ጥሩንባውን፣ ኮምፒውተሩን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። በዲኤክስዎ ውስጥ የነበረችው ባትሪ ዘመድ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ እርሳስና አሲድ ናት። ውሃ ስለማይጨመርባት ገበያ ላይ «ደረቅ» እንላታለን እንጂ አሲዱ ውስጧ አለ። ትልቁ ባትሪ ከመኪናው ወለል ሥር ነው የተነጠፈው። በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ይመዝናል። ኮፈን ስለተከፈተ አይታይም።

ስለዚህ ለ«ደረቅነቱ» የተጨመረብዎትን ያስቀንሱ። ልጁ አውቆ ዋሽቷል ብዬ አልፈርድበትም። እኔም ጋራዥ ውስጥ «ደረቅ ባትሪ አምጣ» እያልኩ ነው ያደግሁት። የእጅ ባትሪውን ደግሞ «ድንጋይ» ስንል ኖርን። አሁን የምር ድንጋይ የሚመስል ባትሪ ሲመጣ ስሙ ቀድሞ ተይዞ ተገኘ።

ወንድምዎ የሚሉት ጠጣር ባትሪ ሌላ ነገር ነው። እሱን ለማስረዳት አንድ ያበጠ ስልክ ላሳይዎት።

ባለፈው ክረምት አንድ ጀልባ ነጂ ስልኩን ይዞ መጣ። ገዳማቱን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን የሚያመላልስ ልጅ ነው። ስልኩን ቀኑን ሙሉ ሞተሩ ክዳን ላይ፣ ፀሐይ ላይ ያስቀምጠዋል። ጀርባው ተነሥቶ እንደ ዳቦ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ከጠረጴዛዬ አንሥቼ ውጪ አሸዋ ላይ አኖርኩት። ጥጉ ላይ ትንሽ አንጠባጥቧል። ሽታው ጣፈጥ ያለ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ነው። የዛሬው ሊቲየም ባትሪ ችግሩም ጥቅሙም ያ የሚሸተው ፈሳሽ ውስጥ ነው። ባትሪው ሁለት ስስ ወረቀት መሳይ ነገሮች አሉት፤ አንዱ መዳብ፣ አንዱ አሉሚኒየም፤ ሁለቱም ጥቁር ነገር ተቀብተዋል። መሀላቸው ነጭ፣ በዓይን በማይታይ ቀዳዳ የተሞላ ላስቲክ አለ። ይህ ሁሉ በፈሳሹ ርሷል። ባትሪው ሲሞላና ሲያልቅ የሊቲየም አዮኖች (ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ኢምንት ቅንጣቶች) በፈሳሹ ውስጥ ከዳር ዳር ይመላለሳሉ። የልጁ ጀልባ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ክፋቱ ፈሳሹ ይነድዳል። (ያበጠ ባትሪ ቤት ውስጥ አትክፈቱ፣ አትብሱት። እኔ በወጣትነቴ ከፍቼ ቅንድቤን አጥቻለሁ።)

ጠጣር ባትሪ ማለት ያንን ፈሳሽ አውጥቶ በምትኩ አዮን የሚያሳልፍ ጠጣር ነገር ማስገባት ነው። ጣናን አድርቆ ጀልባውን በድንጋይ ላይ እንደማስኬድ ይቁጠሩት። የሚገርመው ይሄዳል። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አንዳንድ ጠጣር ነገሮች ሲሞቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፉ አይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የጃፓኑ ተመራማሪ ሪዮጂ ካኖ እና ባልደረቦቹ፣ የቶዮታ ሰዎች ጭምር፣ አዮን በፈሳሽ ውስጥ የሚሄደውን ያህል የሚሮጥበት ጠጣር ነገር ይዘው ብቅ አሉ። እሽቅድድሙ የጦፈው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሽልማቱ ትልቅ ነው። አንደኛ፣ የሚነድደው ፈሳሽ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ዛሬ በአንዱ በኩል የምንቀባውን ግራፋይት የሚባል ካርቦን ትተን ንጹሕ የሊቲየም ብረት ማስገባት ይቻል ይሆናል። ያኔ በአንድ ዓይነት ክብደት ብዙ ጉልበት ይያዛል። የሺህ ኪሎ ሜትሩ ወሬ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ታዲያ ምን ያዘው? ወጥ እንጀራ ላይ ሲፈስ እያንዳንዱ ዓይን ውስጥ ይገባል። ቆሎ ቢበትኑበት ግን እዚህም እዚያም ጫፍ ጫፉን ብቻ ይነካል። ፈሳሹ እንደ ወጥ ነበር፤ ጠጣሩ እንደ ቆሎ ነው። አዮኑ የሚያልፈው ደግሞ በሚነካካበት ቦታ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ባትሪው ሲሞላ ያብጣል፣ ሲያልቅ ይኮማተራል። የነካካው እንኳ ይላቀቃል። ስለዚህ ብዙዎቹ ባትሪዎች ሁልጊዜ በኃይል ተጨምቀው መያዝ አለባቸው። ያ መጭመቂያ ራሱ ክብደት ነው።

ሁለተኛው የሥር ነገር ነው። ዋርካ ያለበት የእግረኛ መንገድ ላይ ሲሚንቶው እንዴት እንደሚነሣ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ሥሩ ለስላሳ ነው፤ ግን ስንጥቅ ካገኘ ድንጋዩን ይፈለቅቃል። ሊቲየምም እንዲሁ ነው። ቶሎ ቶሎ ሲሞላ እንደ ሥር እየቀጠነ ያድጋል። በቢላ የሚቆረጥ ለስላሳ ብረት ሆኖ ሳለ በጠጣሩ ስንጥቅ ገብቶ ወዲያ ማዶ ይደርሳል። ከደረሰ ሾርት ነው። ሲጀመር «ጠጣር ስለሆነ ሥሩን ያግደዋል» ተብሎ ነበር። እንደተባለው አልሆነም።

ሦስተኛው እርጥበት ነው። ተስፋ ከተጣለባቸው ጠጣሮች አንዱ፣ ሰልፋይድ የሚባለው፣ የአየር እርጥበት ሲያገኘው የተበላሸ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ስለዚህ የሚሠራው አየሩ እጅግ በደረቀ ክፍል ውስጥ ነው። እኛ እዚህ ክረምት ላይ ጨው እንኳ ማድረቅ አቅቶን ሩዝ እንጨምርበታለን።

አሁን እሽቅድድሙ የት ደረሰ? ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2017 «በ2020ዎቹ መጀመሪያ» ብሎ ነበር። አሁን ከጃፓኑ የነዳጅ ኩባንያ ከኢዴሚትሱ ጋር ሆኖ 2027 ወይም 2028 ይላል። ሳምሰንግ ኤስዲአይ 2027 ብሏል። ኒሳን 2028። ሆንዳ ጃፓን ውስጥ የሙከራ ማምረቻ ተክሏል። የቻይናዎቹ ሲኤቲኤልና ቢዋይዲም 2027ን በጥቂቱ ማምረት መጀመሪያ አድርገው ይጠሩታል። ልብ ይበሉ፣ «በጥቂቱ» ነው። የመጀመሪያዎቹ ውድ መኪኖች ላይ ነው የሚገቡት። ያገለገለው ተሽጦ ተሽጦ አባይ ማዶ እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እርስዎ ከዲኤክስ ዕድሜ ይገምቱት።

ወሬው ግን ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ክረምት መውጫ ላይ መርሴዲስ የአሜሪካውን ኩባንያ የፋክቶሪያልን ጠጣር ባትሪ የጫነ ኢኪውኤስ መኪና ከጀርመን ሽቱትጋርት እስከ ስዊድን ማልሞ 1,205 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ነድቷል። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ከሚሆነው ይበልጣል። በእርግጥ የአባይ በረሃ መንገዳቸው ላይ የለም። በረሃው ከላይ እስከ ድልድዩ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። 2 ቶን መኪና 1 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ለማንሣት ብቻ 5.5 ኪሎ ዋት ሰዓት (የቤትዎ ቆጣሪ የሚቆጥርበት የጉልበት መለኪያ) ገደማ ይበላል። ቁልቁለቱ ላይ የተወሰነውን ይመልስልዎታል፤ ሁሉን ግን አይመልስም።

ቻይና ውስጥ «ከፊል ጠጣር» የሚባልም አለ። ጥቂት ፈሳሽ የቀረበት ማለት ነው። የኒዮ ኩባንያ ኃላፊ ዊሊያም ሊ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 በ150 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ 1,044 ኪሎ ሜትር ነድቷል። ደላላው ነገ «ጠጣር ነው» ቢልዎት «ሙሉው ነው ከፊሉ?» ይበሉት። ዝም ካለ መልሱን አገኙ።

ደግሞም ጠጣር ባትሪ መንገድ ላይ ሲውል የመጀመሪያው አይደለም። የፓሪስ የኪራይ መኪኖች፣ አውቶሊብ የሚባሉት፣ ከ2011 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. የሚሄዱት በጠጣር ፖሊመር ባትሪ ነበር። ችግሩ ባትሪው የሚሠራው 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው። ቆሞም ይሞቃል፤ ቆሞም ይበላል። እንግዳ ሲመጣ ብቻ የማይለኮስ ምድጃ ይሉታል እንጂ ባትሪ ይሉታል?

የዐሥር ደቂቃውን ነገር ደግሞ በሒሳብ እንየው። 70 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከ10 በመቶ እስከ 80 በመቶ በዐሥር ደቂቃ ልሙላ ቢሉ ወደ 300 ኪሎ ዋት የሚሰጥ መስመር ይፈልጋል። የቤትዎ ሶኬት በ10 አምፔር 2.2 ኪሎ ዋት ነው። ከ130 የሚበልጥ ሶኬት በአንድ ላይ ማለት ነው። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከጣና የወጣው ውሃ ታች ወርዶ መብራት ሆኖ ይመለሳል። ግን ከግድቡ እስከ እርስዎ ግቢ ያለው ትራንስፎርመር ነው የሚወስነው። ባትሪው የቱንም ያህል ጠጣር ቢሆን እሱን አያልፍም።

ስለዚህ ጋሼ፣ እኔ ብሆን አልጠብቅም። ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ታግዷል፤ የድሮው ዋጋም እንደሚያዩት ነው። ለእርስዎ መንገድ ሊቲየም ብረት ፎስፌት (ኤልኤፍፒ) የሚባለው ባትሪ ይበቃል። ቢዋይዲ «ብሌድ» የሚለው እሱ ነው። ክብደቱ ትንሽ ይበዛል፤ ግን ሙቀት ይችላል፣ በቀላሉ አይነድድም፣ ብዙ ዓመት ይቆያል። ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሞልተው ከወጡ ሳይጨነቁ ይደርሳሉ። ለአዲስ አበባው አውሮፕላን ወይም አውቶቡስ ይያዙ፤ በዓመት ለሦስት ጉዞ ብለው ውድ ባትሪ አይሸከሙ።

ያገለገለ ከሆነ ሳይከፍሉ ዲያግኖሲስ ያስደርጉ። የባትሪው ጤንነት በመቶኛ ይወጣል። ከዚያ ቤትዎ ውስጥ ከቆጣሪው ራሱን የቻለ ወፍራም መስመርና ደህና ኧርዝ ያስዘርጉ። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት በኤክስቴንሽን እሞላለሁ ብዬ ሌሊት ሶኬቱ ቀልጦ ነው የነቃሁት። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «ባለሙያው» እያለች ትጠራኛለች።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነጂ ነኝ፣ ኤሌክትሪኳን። ይሄ ጠጣር ባትሪ ለኛም ይመጣ ይሆን? የኔ በዓመት ተኩል ደከመች።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይመጣ ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ ግን። ባለሁለት እግሩ ላይም ተሞክሯል፦ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ሙኒክ ላይ ዱካቲ ሞተር ሳይክል በአሜሪካው ኩባንያ በኳንተምስኬፕ ጠጣር ባትሪ ታይቷል። ግን ያ የውድድር ሞተር ነው።

ያንተ ባትሪ ምናልባት እርሳስ ነው። እርሳስ ሙልጭ ብሎ ሲያልቅ ይጎዳል። አንተ ደግሞ «አንድ ዙር ልጨምር» እያልክ እስክትቆም ነው የምትነዳው፤ አውቃለሁ፣ በጋራዤ በር እየተገፋችሁ ታልፋላችሁ። ግማሽ ስትደርስ ምሳ ሰዓት ላይ ሰካ። መቀየርህ ካልቀረ የብረት ፎስፌቱን አስገባ፣ ግን ቻርጀሯንም አብረህ ቀይር። የእርሳሱ ቻርጀር ለሊቲየም አይሆንም። ሌሊት ስትሞላም ደጅ፣ ዝናብ የማይነካው ቦታ ይሁን እንጂ ከምትተኛበት ክፍል አታስገባት።